የተርኪ መጥሪያው ድንጋይና የእኔ ጆሮ

እኔ ምን እንደሚሠራ የማላውቀውን ዕቃ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልበትም። ባሌ "አንቺ እኮ የሰው ቤት ስትገቢ ሰው ሰላም ከማለትሽ በፊት መደርደሪያ ታያለሽ" ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ምን አደርገዋለሁ። ኤጀንሲው ፋርመርስ ብራንች የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሲመድበኝም ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው በሽማግሌው ላይ ሳይሆን ከሶፋቸው ፊት ለፊት ባለው መደርደሪያ ላይ ነበር።

ሥራዬ ቤት ለቤት እየሄድኩ የታመመና ያረጀ ሰው መርዳት ነው። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት በሰዓቱ አስውጣለሁ፣ ቁጣም እችላለሁ፤ ቁጣ መቻሉ ላይ ግን ጎበዝ ነኝ አልልም። እኚህ ሽማግሌ የቴክሳስ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ አንዲት ሴት ልጃቸው ሩቅ ስቴት ነው የምትኖረው። ስትሮክ መትቷቸው ግራ እጃቸው አይታዘዝም። ቀኝ እጃቸው ደህና ነው። ምላሳቸውም ደህና ነው፣ እንዲያውም ከሚገባው በላይ። ጆሯቸው ግን ደክሟል፤ መስሚያ አድርገው አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ይሰማሉ፣ ከሩቅ የሚመጣውን ድምፅ ግን ጭራሽ አያገኙትም። በእንግሊዝኛ ሳወራቸው አንተና አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ በሆዴ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቱ ነበሩ፣ እዚህም እንደዚያው ይሁኑልኝ።

አንድ ቀን ምሳቸውን በልተው ሸለብ ሲያደርጋቸው መደርደሪያውን ልወልውል ተነሣሁ። እዚያ መሐል መዳፍ የምታህል ክብ ነገር አገኘሁ። ዙሪያዋ እንጨት ነው፤ ፊቷ ላይ ግራጫ ድንጋይ ተገጥሞባታል፤ በስተሥሯ ቀዳዳ ቀዳዳ አላት። ድንጋዩ ደርቆ፣ ተጫጭሮ፣ ነጭ አቧራ ለብሷል። አሳዘነችኝ። የእኛ ሰው ደረቅ ሸክላ አይቶ እጁ አያርፍም። አዲስ ድስትም ሆነ ምጣድ ሳይሟሽ ሥራ ላይ አይውልም፤ ያልተሟሸ ነገር ይይዛል፣ ይሰነጠቃል ተብለን ነው ያደግነው። "እነዚህ ፈረንጆች ማሟሸት የሚባል ነገር የት ያውቃሉ" ብዬ ኪችን ገባሁና በፔፐር ታወል ዘይት ነክሬ ድንጋዩን ቀባሁት። ጠጣ። ደገምኩለት። ያ ግራጫ ፊቱ ጠቁሮ አብረቀረቀ፤ አቤት ሲያምር! ምድጃ ውስጥ አስገብቼ ለብ ላደርገው ሁሉ አስቤ ነበር፣ እንጨቱ ቢቃጠልስ ብዬ ተውኩት። በዚህስ አመስግኑኝ።

ሽማግሌው ነቅተው አዩኝ። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝና ድንጋዩን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ጣታቸውን አሸተቱ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ዘይት ነው" አልኩ በኩራት።

ከዚያ በኋላ የወረደብኝን እንግሊዝኛ አልጽፈውም፤ ጊዜው ሁዳዴ ነበር፣ እኔም የጾም አፌን ላበላሸው አልፈለግሁም። ግን ዝም አላልኩም። "ጌታዬ፣ መደርደሪያ ወልውዪ ብለው ሲወለወል መቆጣት ምን የሚሉት ነው? ለመሆኑ ይሄ ነገር ምንድን ነው?" አልኳቸው። ሽማግሌው አንድ አፍታ አፍጥጠው አዩኝ። ሰው እንዲህ ከጠየቃቸው ብዙ ጊዜ ሆኖታል መሰለኝ፣ ቁጣው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

"ያቺን ሌላዋን አምጪ" አሉኝ፤ መደርደሪያው ላይ ያለችውን፣ የመስታወት ፊት ያላትን። "በጣትሽ ጫፍ ያዢ። ፊቷን እንዳትነኪ።" እኔ ያዝኩ። እሳቸው እርሳስ የምታህል እንጨት በቀኝ እጃቸው ይዘው መስታወቱ ላይ ጫፏን አሳርፈው ጫር፣ ጫር አደረጉ። እንዴ! ኪያው፣ ኪያው የሚል የወፍ ድምፅ ከእጄ ውስጥ ወጣ። ደንግጬ ልጥላት ነበር። ድምፁ መዳፌን ነዝሮ እስከ ክርኔ ደረሰ።

ተርኪ፣ ያ ዶሮ መሳይ ትልቅ የዱር ወፍ፣ የሚጠራበት ነው ለካ። ፈረንጆቹ ፖት ኮል ይሉታል። ሰው በስፕሪንግ፣ ብርዱ ሲያልፍ፣ ጫካ ገብቶ እንደ ሴት ተርኪ እየጮኸ ወንዱን ይጠራበታል፤ ወንዱ እየመለሰ፣ ክንፉን እየጎተተ፣ ጭራውን እየነፋ ይመጣል። "ሲመጣስ?" አልኳቸው። "ይተኮስበታል።" "ጠርታችሁት?" "አዎ።" "በእኛ አገር ጠርቶ መግደል ነውር ነው" ስላቸው፣ እኔ እዚያ ቤት ከገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ለባሌ ስነግረው እሱም "ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት" አለና ከት ብሎ ሳቀ።

እኔን ግን ነገሩ ያዘኝ። ድንጋይና እንጨት ተፋትገው እንዴት ወፍ ይሆናሉ? በማግስቱ ጥያቄዬን ደርድሬ ሄድኩ። ሽማግሌው የታክሲ ሹፌር ቢሆኑ ኖሮ ከመኪና ወርደው በሸሹኝ ነበር፤ ወንበር ላይ ናቸውና የት ይሄዳሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። የእንጨቷ ጫፍ ድንጋዩ ላይ ስትሄድ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ትላለች፤ ያ መንቀጥቀጥ ነው ድምፅ የሚሆነው። ከድንጋዩ ሥር ደግሞ ሌላ ስስ ክብ ነገር ተቀምጧል፣ ድምፁን ተቀብሎ በቀዳዳዎቹ ያወጣዋል። ዘይት ከነካው እንጨቷ ትንሸራተታለች፣ አትይዝም፣ አበቃ። የማሲንቆ ደጋን ሙጫ ካልተቀባ የማይጮኸው ለዚህ ነው። ይሄን እያወቅሁ ነው ዘይት ያጠጣሁት፣ ጉድ እኮ ነኝ።

የጣት ወዝ እንኳ ይበቃዋል። እኔ ደግሞ ቫዝሊን የማልቀባበት ቀን የለም። ሽማግሌው ዕቃውን ከማስያዛቸው በፊት ኦፕሬሽን እንደሚገባ ሐኪም እጄን ያስታጥቡኝ ጀመር።

የተሟሸውን ድንጋይ ለማዳን ብዙ ለፋን። መጀመሪያ ከሥራ ቦርሳዬ አልኮል አውጥቼ በጥጥ ጠረግሁት፤ ዘይቱ ወደ ላይ እያላበ ይወጣል፣ እጠርጋለሁ፣ ተመልሶ ያልባል። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት መጣ፣ ያ አናጢ እንጨት የሚያለሰልስበት። "ክብ አድርገሽ አትፈግፍጊ" አሉኝ፤ "በአንድ አቅጣጫ ብቻ። እንጨቷ መስመሩን አቋርጣ ስትሄድ ነው የሚጮኸው።" ልክ ናቸው፤ ጠጋ ብዬ ሳየው እንደ ታረሰ ማሳ ስስ ስስ ትልም ወጥቶለታል። የእንጨቷም ጫፍ ልትሻከር ይገባል፤ እያደር ትሞልጫለችና በዚያው ወረቀት ጫፏን ብቻ ነካ ነካ ታደርጊያለሽ። አቧራውን በአፍሽ እፍ አትዪበትም፣ ትንፋሽ እርጥብ ነው። በደረቅ ጨርቅ ነው። ሲቀመጥ ደግሞ ድንጋዩና እንጨቷ እንዳይነካኩ ጨርቅ መሐል ይገባል። እኔ የምወደው ዓይነት ሥራ ነው፣ ለሁሉም ነገር ምክንያት አለው። ድንጋዩ ግን ግማሽ ፊቱ ብቻ ዳነ፤ በግማሹ ዛሬም ድረስ እንጨቷ ትንሸራተታለች።

ድንጋዩን በአልኮሉ እየጠረግሁ ሳለ ነው ሽማግሌው ጉዳያቸውን ያወጡት። ከፎርት ዎርዝ ወደ ምዕራብ ወንዝ ዳር ትንሽ መሬት ነበረቻቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ በየስፕሪንጉ እዚያ ቁጭ ብለው ይጠራሉ፤ አንድ ወንድ ተርኪ ሳይመልስላቸው ያለፈ ስፕሪንግ የለም። ያለፈውን ግን ሆስፒታል ነበሩ። አሁን መሬቱ ተሸጧል፣ ቤቱም እየተሸጠ ነው፣ ሜይ ላይ ልጃቸው ወደ እሷ ዘንድ ትወስዳቸዋለች።

"ጠመንጃዬን ወስዳብኛለች፣ ትውሰደው" አሉ። "መግደል አልፈልግም። አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመልስልኝ ነው። በራሴ እጅ ጠርቼው።"

"እኔ ልጥራልዎት?" አልኩ፤ አፌ ፈጣን ነው።

"በራሴ እጅ አልኩሽ እኮ!"

መጥሪያው ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይጭራል። ጠረጴዛ ላይ ብናስቀምጠው በሥሩ ያሉት ቀዳዳዎች ይታፈኑና ድምፁ ይሞታል። ጉልበታቸው ላይም ያው ነው። ግራ እጃቸውን እኔ ልሁን ተባባልን። እኔ እይዛለሁ፣ እሳቸው ይጭራሉ።

ሶ፣ ግማሽ ፊት ባለው ድንጋይ አይሆንም ብለው አዲስ ልንገዛ ሄድን። ዳላስ ውስጥ ያለ ትልቅ የአዳኞች ሱቅ ነው። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እሳቸውን በዊልቸር እየገፋሁ፣ ጭቃ ቀለም ልብስ በተሰቀለበት መሐል ስናልፍ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነው የመጣሁት፤ ይዩ። መስታወት አለ፣ አሉሚኒየም አለ፣ ድንጋይ አለ። መስታወቱና አሉሚኒየሙ ይጮኻሉ፣ ንፋስ ቢኖርም ሩቅ ይደርሳሉ። ድንጋዩ ለስላሳ ነው፣ ቅርብ ላለ ወፍ የሚንሾካሾክ ዓይነት። የድንጋዩንም ሁለት ሦስት አምጥተው አንድ ባንድ አስያዙኝ። አንዱ ሲጫር ቀጭን ይወጣል፣ አንዱ ወፍራም፣ እንጨቷ ስትቀየር ደግሞ እንደገና ሌላ ሰው ይሆናል። እኔ ገርሞኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሽማግሌው ጣታቸውን ከሥሩ አድርገው ንዝረቱን ያዳምጣሉ፤ ቀጭኑን ድምፅ ጆሯቸው አይዝላቸውም።

"የትኛው ይሻላል?" አሉኝ።

"ሁሉም ጥሩ ነው።"

"የመጀመሪያው እንዴት ነበር?"

"በጣም ጥሩ ነበር።"

"ሁለተኛውስ?"

"እሱም ቆንጆ ነው።"

ዊልቸራቸውን በቀኝ እጃቸው አዙረው ጀርባቸውን ሰጡኝ። የመጨረሻውን በጣታቸው መርጠው ገዛን። መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቷቸውን ሳስርላቸው ነው የፈነዱት። ቤት ውስጥ ሲለማመዱም "እንዴት ነበር?" ባሉኝ ቁጥር "ዛሬማ በጣም ተሻሽለዋል" ነው የምላቸው፤ ያንን ሁሉ ቆጥረውብኝ ኖሯል።

"ለምንድን ነው የምትዋሺኝ?"

"አልዋሸሁም፣ እያበረታታሁዎት ነው!"

እንዲህ አድርጌ ላስረዳቸው ሞከርኩ። እኛ ለታመመ ሰው እውነት በጥሬው አናቀርብም። ገርጥቶ ብናገኘው "ዛሬ ፊትህ በርቷል" ነው የምንለው፤ አልጋ ላይ ቀርቶ እንኳ "ትነሣለህ፣ ምን ሆነህ ነው" እንለዋለን። ሰው ሞቶበት እንኳ ዝም ብለን አንነግረውም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጊዜ ተመርጦ ነው መርዶ የሚነገረው። ክፋት አይደለም፣ ፍቅር ነው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

"ገባኝ" አሉ። "ደስ የሚል ባህል ነው። እኔ ግን ጆሮ የለኝም። ያለኝ ጆሮ አንቺ ነሽ። ወፉ ቢመልስ የምትሰሚው አንቺ ነሽ፣ የምትነግሪኝም አንቺ ነሽ። አሁን ሁሉንም ጥሩ ነው ካልሽኝ፣ የዛን ቀን መለሰ ስትዪኝ በምን አውቃለሁ?"

ቪከሪ ሜዶ፣ ቤቴ እስክደርስ ድረስ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ስናደድ፣ ስተክዝ፣ እንደገና ስናደድ ሄድኩ። በማን እንደተናደድኩ ራሴም አላወቅሁትም። የሚያሳዝነው ነገር ደግሞ ሽማግሌው ልክ መሆናቸው ነው፤ ልክ የሆነ ሰው እኔን ሲያናድደኝ ለጉድ ነው።

እንግዲህ ጆሮ ካሉኝ ጆሮ ልሁን ብዬ ተነሣሁ። ስልኬ ላይ የእውነተኛ ተርኪ ድምፅ ፈልጌ መኪና ውስጥም፣ ዕቃ ሳጥብም እሰማ ጀመር። ሴቷ ብዙ ቋንቋ አላት። "ኪያው ኪያው" የምትለው ጓደኛ ስትጠራ ነው። ስትግጥ፣ ሆዷ ሞልቶ ሰላም ሲሆንላት፣ እንደ ድመት ታንኮራፋለች። አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅ ካደረገች "እዚህ ነኝ" ማለቷ ነው። አንድ የገረመኝ ነገር አለ፤ በተፈጥሮው ወንዱ ነው ቆሞ የሚጮኸው፣ ሴቷ ናት ወደ እሱ የምትሄደው። አዳኙ ግን "አልመጣም፣ አንተ ና" እያለ ነው የሚለምነው። ይሄን ለባሌ ስነግረው "ኦኬ፣ ማለቴ እንደ አንቺ ነዋ" አለኝ። ባሌ ሹፌር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሰው እያመላለሰ ውሎ ማታ የተርኪ ጫጫታ ሲቀበለው ምን ይበል። ጎረቤታችንም "ዶሮ ማርባት እዚህ አፓርትመንት ይፈቀዳል እንዴ?" ብላ ጠይቃዋለች።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሽማግሌው ጭረው "እንዴት ነበር?" አሉኝ። "እውነቱን ልንገርዎት? ፍሬን የጨረሰ መኪና ነው የሚመስለው" አልኳቸው። ፊታቸው ሲበራ ብታዩት! ሎተሪ የወጣላቸው ነው የመሰሉት። "ምኑ?" አሉ። "መጨረሻው። ድምፁ መውረድ ሲገባው እዚያው ላይ ይቆረጣል።" እንጨቷን ትንሽ አጋድመው ደገሙ። "አሁንስ?" "አሁን ወፍ ነው፤ ግን የታመመ ወፍ።" ሳቁ። እንደዚያ እየተሳደብን ሠራን ቢባል ይሻላል። እሳቸውም አልማሩኝም፤ መያዣው ላይ መዳፌን ሙሉ ስጠመጥም "አነቅሻት!" ይሉኛል። በጣት ጫፍ ስትያዝ፣ ከሥሯ ባዶ ቦታ ሲተውላት ነው የምትተነፍሰው። እንጨቷ ከፊቷ ላይ መነሳት የለባትም፣ የእንቁላል ቅርፅ እየሠራች ትዞራለች። ሁለት ሰው አንድ ዕቃ ላይ ሲሠራ ከባዱ ነገር ግን ሌላ ነው፤ እሳቸው ሲጫኑ እኔ ሳላውቀው እገፋለሁ፣ ያን ጊዜ ድምፁ ይበላሻል። ዝም ብሎ መያዝን መማር ነበረብኝ፣ ለእኔ ዓይነት ሰው።

ወደ ድሮው መሬታቸው ልንሄድ መሆኑን ስትሰማ ልጃቸው ኮል አድርጋ መጀመሪያ ተቆጣች። "ጫካ? በዊልቸር?" አለች። በኋላ አባቷ ሲለምኗት ሰምታ መሰለኝ ድምፅዋ ለሰለሰና ፈቀደች። መሬቱን የገዛው ሰውም ይሁን አለ። ባሌ የአንድ ቀን ሥራውን ትቶ ሊያደርሰን ተነሣ።

ጎህ ሳይቀድ ነበር የደረስነው። ጭጋግ ወንዙን ሸፍኖታል፣ ሣሩ ረጥቧል። ሽማግሌውን ትልቅ የፒካን ዛፍ ሥር በተጣጣፊ ወንበር አስቀመጥናቸው፣ ብርድ ልብስ አለበስናቸው። ባሌ ከኋላቸው ቆመ። እኔ በግራቸው ተንበረከክሁና አዲሱን ድንጋይ በጣቴ ጫፍ ያዝኩላቸው። ሽማግሌው እንጨቷን አነሡ።

ጫሩ። ድምፁ ታፍኖ ወጣ።

"ምን ሆነ?" አሉኝ፤ በጣታቸው ንዝረቱን አላገኙትም።

"ጭጋጉ ነው። ድንጋዩ እርጥበት ጠጥቷል፣ እንጨቷም ለስልሳለች።"

"መስታወቱን" አሉ ወዲያው። ለዚህ ቀን የምትሆነዋን መጫሪያም ይዘን ነበር፣ እርጥበት የማይፈራ የካርቦን ጫፍ ያላትን። መስታወቱን ማታ በሸካራው ብርጭቆ ወረቀት ራሴ ትልም አውጥቼለታለሁ። ያዝኩ። ጫሩ። አሁን ድምፁ ጭጋጉን ሰንጥቆ ወንዙን ተሻገረ። ከዚያ እንጨቷን ጭናቸው ላይ አኖሯት። ከጠሩ በኋላ ዝም ማለት ነው ዋናው ሥራ፤ ደጋግሞ የሚጠራን ወፉ ይጠረጥረዋል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፤ ጠበቅን።

"መለሰ?" አሉኝ።

ጆሮዬን አቀናሁ። ከሩቅ ላም ትጮኻለች። ቁራ አለ። ሃይዌዩ ይተማል። ሌላ ምንም የለም።

ባሌ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና በአማርኛ "አዎ በያቸው እንጂ፤ ምን አለበት፣ ሽማግሌ ሰው ደስ ይበላቸው፣ እንሂድ" አለኝ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አልነቀሉም። "አዎ" የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሷል። አንዲት ቃል ናት፤ እሷን ብላቸው አልቅሰው፣ ተደስተው፣ በደስታ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ማንም አያውቅም።

"አልመለሰም" አልኳቸው።

ባሌ "አይ አንቺ!" ብሎ ፊቱን አዞረ። ሽማግሌው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ምኑ ጎደለ?" አሉኝ።

"ቸኮሉ። መሐሉ ላይ ሁለቱ ድምፅ ተደራረበ።"

ደገሙ። ጠበቅን። "መለሰ?" "አልመለሰም።" ፀሐይ ወጣች፣ ጭጋጉ ወደ ላይ መነሳት ጀመረ። እንደገና ጠሩ፣ እንደገና ጠየቁኝ፣ እኔም እንደገና ያንኑ መለስኩ። ጉልበቴ ሣሩ ላይ ረጥቧል። የሽማግሌው ቀኝ ትከሻ ደክሞ መውደቅ ጀመረ፣ ከንፈራቸው ደረቀ። ባሌ "በእመቤቴ፣ አሁንስ ይበቃል" አለ። እኔም በሆዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ላይመልስ ይችላል እኮ ብዬ አሰብኩ። እኚህ ሰው ይሄን ሁሉ ለፍተው፣ እኔ "አልመለሰም" ብያቸው፣ በዚሁ ቃል ነው ከዚህ መሬት የሚነሡት? እንባዬ መጣ። እጄ እንዳይነቃነቅ ግን ትንፋሼን ዋጥኩ።

ሽማግሌው "አንዴ" አሉ፣ ለራሳቸው ነው ያሉት። እንጨቷን አሳረፉ። አልተጫኑም። ቀስ ብለው፣ ለአንድ ቅርብ ሰው እንደሚያወሩ፣ ኪያው፣ ኪያው፣ ኪያው አሰኙና መጨረሻዋን ለቀቋት። መዳፌ ውስጥ ንዝረቷ ሲጠፋ ተሰማኝ። ምንም እንከን አልነበረውም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምለው አጣሁ።

ከወንዙ ማዶ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ከጉሮሮ ውኃ እንደሚንዶቆዶቅ ያለ ትልቅ ድምፅ ተነሣ። ጠጉሬ ቆመ። ባሌ አፉን በእጁ ያዘ። ሽማግሌው ምንም አልሰሙም፤ መስታወቱን እያዩ አንገታቸውን እንደደፉ ነበሩ። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

"መለሰ" አልኳቸው።

"እውነትሽን ነው?" አላሉኝም። ወደ ባሌም ዞረው አላዩም። እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣

"በየት በኩል?" አሉኝ።